‹20,000 ሉመን› የሚለውን ካርቶን ይመልሱት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማሽከረክራት መኪና የቆየች ናት፤ የፊት መብራቷ ኤች4 የሚባለው ሃሎጅን ነው። ሥራዬ ብዙ ጊዜ ማታ ያስነዳኛል፤ የመንገድ መብራት ካለበት ወጣ ስል የሚታየኝ አይበቃኝም። ኤልኢዲ ላስገባ ብዬ ስጠይቅ ሻጩ ካርቶኑ ላይ ‹20,000 ሉመን፣ 8,000 ኬልቪን› የተጻፈበት አምፖል አወጣልኝ። ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን አስገብቶ ‹ሌሊቱ ቀን ሆነልኝ› ይላል። እኔ ግን አንድ ማታ ከፊት ለፊቱ ስመጣ ዓይኔን አጥፍቶኝ ዳር ይዤ ለመቆም ተገድጃለሁ። ማራገቢያ ያለው ይሻላል የሌለው? አምፖሉን ብቻ ልቀይር ወይስ መብራቱን ከነቤቱ? ግራ ገብቶኛል።
ሌሊት ነጂ

መልስ፦ ውድ ሌሊት ነጂ፣

ጓደኛዎ ሌሊቱ ቀን ሆነልኝ ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ከፊታቸው ሲመጡ ዓይንዎ ይጠፋል። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፤ ምክንያቱም አንድ ነው። ከአምፖሉ የወጣው ብርሃን መሄድ የሚገባው ቦታ አልሄደም። ከፊሉ ወደ ላይ ተበትኖ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ከፊሉ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ተደፍቶ ቅርቡን መሬት ነጭ ያደርገዋል። አታላዩ ይህ የቅርብ ድምቀት ነው። አጠገቡ ያለው ነገር በጣም ሲበራ የዓይን ብሌን ይጠባል፤ የነጂው ልብ ይሞላል፤ ራቅ ብሎ መንገድ የሚያቋርጠው ሰው ግን ከበፊቱ የባሰ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ድምቀቱን ለጊዜው ይርሱትና ብርሃኑ የት እንደሚወድቅ ይጠይቁ። የቀረው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

የመኪናዎ መብራት የተሠራው ለአንድ ዓይነት አምፖል ነው። ኤች4 አምፖል ውስጡ ሁለት ክሮች አሉት፤ አንዱ ለአጭር መብራት፣ አንዱ ለረጅም። ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ደግሞ ማንኪያ የምትመስል ትንሽ የብረት ከለላ አለች። ከክሩ ወደ ታች የሚወርደውን ብርሃን ትይዘዋለች፤ ባትይዘው ኖሮ ያ ብርሃን የአንጸባራቂውን፣ ማለትም አምፖሉን የከበበውን መስታወት መሰል ጎድጓዳ፣ የታችኛውን ግማሽ መትቶ ወደ ላይ ይነጥር ነበር። አንጸባራቂው የተጠማዘዘውም የክሩን ቦታ ታሳቢ አድርጎ፣ በሚሊሜትር ተለክቶ ነው። ክሩ አንድ ሚሊሜትር ቢዛነፍ መንገድ ላይ የሚወድቀው ብርሃን መልኩ ይቀየራል።

ኤልኢዲ ክር የለውም። የሚያበሩት ከአንድ ጠፍጣፋ ዘንግ ግራና ቀኝ የተለጠፉ ቺፖች ናቸው። ጥሩ የኤልኢዲ አምፖል ማለት እንግዲህ አንጸባራቂውን ‹እኔ ክር ነኝ› ብሎ የሚያታልል ነው፤ ቺፖቹ ክሩ በነበረበት ቦታ የተቀመጡ፣ ስፋታቸው ከክሩ ስፋት ያልራቀ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን የሚለያየው ዘንግ የሳሳ። ዘንጉ ወፍራም ከሆነ በአንድ ክር ፈንታ ተራርቀው የቆሙ ሁለት የብርሃን ምንጮች አሉዎት ማለት ነው፤ አንጸባራቂው ያንን መሰብሰብ አይችልም።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያሻም። ሲገዙ የድሮውን አምፖል በእጅዎ ይያዙ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው መቀመጫቸውን፣ ማለትም ሦስት ጆሮ ያለውን የብረት ቀለበት፣ እኩል ያስተካክሉ። ከዚያ ከቀለበቱ እስከ ክሩ ያለውን ርቀት ከቀለበቱ እስከ ቺፑ ካለው ጋር ያስተያዩ። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ወይም ቀርቶ ከታየዎት ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ይሁን ምን ይመልሱት። ቀጥሎ የኤልኢዲውን የአጭር መብራት ቺፖች ከታች በኩል ይመልከቱ፤ ያቺ ከለላ አለች? ከሌለች እንዲሁ ይመልሱት። ቺፖቹ ደርዘን ሆነው ዘንጉን ዙሪያውን የከበቡትንማ ሳይለኩ ይለፏቸው። ብዙ ቺፕ ብዙ ብርሃን ይመስላል፤ የመብራቱ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ዝብርቅ ነው።

አሁን ወደ 20,000ው እንምጣ። ሻጩን አልወቅስም፤ የተጻፈለትን ነው ያነበበልዎ። ሉመን አምፖሉ የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ኤች4 ሃሎጅን በ13.2 ቮልት ሲለካ በረጅሙ 1,650፣ በአጭሩ 1,000 ሉመን አካባቢ ነው የሚሰጠው። ኤች7 የሚባለው ባለ አንድ ክር 1,500 ገደማ ይሰጣል። መኪኖች በዚህ መጠን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሌሊቱን ሲያቋርጡ ኖረዋል። የኤልኢዲ አምፖል ከ1 ዋት 100 ሉመን ቢያወጣ እንኳ 20,000 ሉመን ለማግኘት 200 ዋት ይበላል። ለጥንድ ነው ቢሉዎት እንኳ ለአንዱ 100 ዋት ይደርሰዋል። የጣት ውፍረት ባለው ዕቃ ውስጥ ያን ያህል ኃይል ገብቶ የሚፈጠረውን ሙቀት የሚያስወጣ ማራገቢያ የለም። ስለዚህ ከሉመኑ ይልቅ ዋቱን ያንብቡ። በአንድ አምፖል ከ20 እስከ 25 ዋት የሚል፣ የሉመን ቁጥሩም 1,500 ወይም 2,000 አካባቢ የሆነ አምፖል ካገኙ፣ ቢያንስ ካርቶኑን የጻፈው ሰው አላፌዘብዎትም።

ሙቀቱን ካነሳን አይቀር፣ ኤልኢዲ ሲሞቅ ይደበዝዛል። በሃሎጅን ሙቀቱ ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ይወጣል፤ በኤልኢዲ ግን ከቺፑ ጀርባ ይጠራቀማል። የሚሸጥልዎ ሰው ባትሪ ላይ አገናኝቶ ለአምስት ሰከንድ ሲያበራልዎ የሚያዩት ከሁሉ የተሻለውን ሰዓቱን ነው። ትክክለኛ መልኩን የሚያሳይዎ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ማራገቢያ ስላለውና ስለሌለው የጠየቁኝም እዚህ ላይ ይመለሳል። ማራገቢያ ያለው የተሻለ ይቀዘቅዛል፤ ግን አቧራ ሲጠግብ ይቆማል፤ ሲቆምም አምፖሉ ወይ ራሱን ያደበዝዛል ወይ ይቃጠላል። የሌለው የሚበላሽበት ነገር ያንሳል፤ ኃይሉም አብሮ ያነሰ ነው። አቧራ የሚበዛበት መንገድ ላይ ከሆኑ የሌለውን አስቀድሜ አያለሁ። ከሁለቱም የሚበልጠው ጉዳይ ግን አምፖሉ ከገባ በኋላ ከመብራቱ ጀርባ ያለው የላስቲክ ሽፋን ተመልሶ መግጠሙ ነው። ‹ሽፋኑን ትንሽ እንቁረጠው› የሚል ሰው ካጋጠመዎት እጁን ይያዙት፤ በዚያ ቀዳዳ የሚገባው ውኃና አቧራ አንጸባራቂውን ይገድለዋል፤ እሱ አንዴ ከበሰበሰ ደግሞ አዳኝ አምፖል የለም።

8,000 ኬልቪንን በአጭሩ፦ አይሆንም። ቁጥሩ የቀለም እንጂ የድምቀት አይደለም። ሃሎጅን 3,200 አካባቢ ሆኖ ቢጫ ያደላል፤ መልካም ኤልኢዲ ከ5,000 እስከ 6,000 ባለው ውስጥ ነጭ ነው፤ ከዚያ በላይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን መጠኑ እኩል ሆኖ እንኳ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይበልጥ ያስጨንቃል፤ ለእርስዎም ከማማር አልፎ የሚያሳይዎ ትርፍ ነገር የለም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ሁለት ነገር አይተው እንደሆነ ልጠይቅዎ። የመጀመሪያው የመብራቱ የፊት ፕላስቲክ ነው። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ይህ ፕላስቲክ በፀሐይ ቢጫ ይሆናል፣ ይደፈርሳል። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ፍተሻ ክፉኛ የደፈረሱ መብራቶች የሚሰጡት ብርሃን አዲስ ሳሉ ከሚሰጡት 20 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በደፈረሰ ፕላስቲክ ጀርባ ኃይለኛ ኤልኢዲ መትከል ያንኑ ዝብርቅ ማጉላት ነው። ማስፈግፈግና ከፀሐይ የሚከላከል ቅብ መቀባት ከአምፖሉ ይቀድማል። የእርስዎ የቆየች መኪና መብራት ከመስታወት የተሠራ ከሆነ ይህ አይመለከትዎትም፤ ያኔ ውስጡን፣ የአንጸባራቂውን ብር መሰል ቅብ ይዩ። ከለቀቀ ቤቱን መቀየር ነው።

ሁለተኛው ሽቦው ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚዘልለውም ይህን ነው። ሃሎጅን ለቮልት በጣም ስሱ ነው፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በቆየ መኪና ላይ ደግሞ መብራቱን የሚመግበው ሽቦ ቀጭን ነው፤ ማገናኛው ዝጓል፤ ኤሌክትሪኩም በመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን መጀመሪያ ባትሪው ላይ ከዚያም አምፖሉ ጀርባ ላይ ቮልቱን ይለካልዎት። ባትሪው ላይ ወደ 14 ቮልት እያለ አምፖሉ ጋ 12 ብቻ ከደረሰ የሌሊቱ ጨለማ ምክንያቱ ተገኘ። ከባትሪው በፊውዝ አልፎ በቀጥታ የሚመጣ ወፈር ያለ ሽቦና ሁለት ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይህን ያስተካክላሉ። ከዚያ አዲስ ጥንድ ሃሎጅን፣ ስም ካለው አምራች፣ ያስገቡና አንድ ማታ ይንዱ። ብዙ ሰው ‹ኤልኢዲ አሻሻለኝ› የሚለው የኤልኢዲው መቆጣጠሪያ የቮልቱን መውረድ ስለሚሸፍንለት ነው፤ የሚያነጻጽረው በረሃብ ከሚበራ ሃሎጅን ጋር ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር፤ ምናልባትም እዚሁ አቆም ነበር።

አይ፣ ኤልኢዲውን ልሞክር ካሉ ፈራጁ ግድግዳ ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ጎማዎቹን በትክክል ነፍተው፣ የነጂው ወንበር ላይ ሰው አስቀምጠው ከግድግዳ 10 ሜትር ያቁሙ። የመብራቱን መሃል ከመሬት ይለኩ፤ 65 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ግድግዳው ላይ በዚያው ከፍታ አንድ መስመር፣ ከእሱ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ መስመር በፕላስተር ይለጥፉ። አጭር መብራት ሲበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ የታችኛው መስመር ላይ ማረፍ አለበት፤ ወደ መንገዱ ዳር ባለው በኩል ብቻ ጠርዙ ከፍ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ጠርዝ በላይ ጨለማ፣ ከታች ብርሃን። መጀመሪያ ይህን በሃሎጅኑ ይዩት። ቀጥሎ በአንዱ በኩል ብቻ ኤልኢዲውን ያስገቡ፤ ሌላውን ሃሎጅኑ ላይ ይተዉት። አንዱን በካርቶን እየሸፈኑ ያነጻጽሩ፤ ግማሽ ሰዓት አቆይተው ደግመው ያነጻጽሩ።

ኤልኢዲው ጠርዙን ቁልጭ አድርጎ ካቆየ፣ በጣም የሚደምቀው ቦታም ከጠርዙ ሥር መሃል ላይ ከተገኘ፣ አምፖሉ ሥራውን ያውቃል። ከጠርዙ በላይ ጉም የመሰለ ብርሃን ከወጣ፣ ወይም ድምቀቱ ወደ ታች ወደ መሬቱ ከተደፋ፣ ከፊትዎ ያለው የጓደኛዎ መብራት ነው። መጀመሪያ ግን አምፖሉ ዞሮ እንዳልገባ ያረጋግጡ። ቺፖቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መመልከት አለባቸው፤ ብዙዎቹ አምፖሎች ቀለበታቸው የሚላላና የሚዞር ስለሆነ ይህ ይስተካከላል። ከተስተካከለም በኋላ ጉሙ ካልጠፋ አምፖሉ አይሆንም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ መፍትሔ አለ፤ ‹ትንሽ ዝቅ እናድርገው›። ካቻቢቴ ይመጣል፣ መብራቱ ይወርዳል፣ ከፊት የሚመጣው ሰው ትንሽ ያርፋል። የሚከፈለውን ዋጋ ግን ያስሉት። 65 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ያለ መብራት በ10 ሜትር 10 ሴንቲሜትር ሲወርድ ጠርዙ መሬት የሚነካው 65 ሜትር ላይ ነው። 20 ሴንቲሜትር ካወረዱት ወደ 32 ሜትር ይመጣል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በየሰከንዱ 22 ሜትር ይጓዛሉ። አይተው ፍሬን እስኪረግጡ 1.5 ሰከንድ ቢወስድ 33 ሜትር አለፈ፤ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ ወደ 35 ሜትር ያስፈልጋል። ድምሩ 70 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። በትክክል የተስተካከለ አጭር መብራት እንኳ ለዚህ ፍጥነት ጠርዝ ላይ ነው ያለው፤ ያወረዱት መብራት ደግሞ ከቆመው ነገር ጋር ካጋጨዎት በኋላ ነው የሚያሳይዎት። የአምፖልን ጥፋት በካቻቢቴ ማረም አይቻልም።

ኤሌክትሪኩ ላይ የሚገጥምዎትን ቶሎ ልበል። ሃሎጅን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አይመርጥም፤ አንዳንድ ኤልኢዲ ይመርጣል፤ አልበራ ካለ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። አንዳንድ የቆዩ መኪኖች ላይ አጭርና ረጅም የሚቀያየረው በኔጌቲቩ በኩል ስለሆነ ረጅሙና አጭሩ ሊምታታ ይችላል፤ ለዚያ የሚሆን ማገናኛ አለ፤ ሲገዙ ይጠይቁ። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ኤልኢዲው የሚበላው ኃይል ሲያንስበት አምፖሉ ተቃጥሏል ብሎ ዳሽቦርድ ላይ ያስታውቃል፤ ወይም መብራቱ ይርገበገባል። ለእሱ የሚገጠመው ሬዚስተር በጣም ስለሚግል ከፕላስቲክና ከሽቦ አርቀው ብረት ላይ ያስሩት። ሬዲዮዎ መብራት ሲበራ መንጫጫት ከጀመረ ደግሞ ጥፋቱ የርካሽ መቆጣጠሪያ ነው።

አንባቢዎች የማይወዱትን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ሕጉም አለ። የአሜሪካ የፌዴራል የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ቁጥር 108 ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ መተኪያ አይቀበልም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 እንዲህ የተቀየረ የመኪና መብራት በዓመታዊው ምርመራ እንዲወድቅ መመሪያ ወጥቶ ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 የአምፖል አምራቹን የኦስራምን ኤች7 ኤልኢዲ ስትፈቅድም ፈቃዱ በስም ለተዘረዘሩ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ነበር። ይህ ግትርነት አይደለም፤ አምፖሉ የሚፈተነው ከነቤቱ ስለሆነ ነው። አንዱ መኪና ላይ ያማረው ሌላው ላይ ሊያበላሽ ይችላል። እርስዎ ባሉበት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤትና የመድን ውልዎን ቀድመው ይጠይቁ። ካርቶኑ ላይ በክብ ውስጥ ‹ኢ› የሚለውን የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ካዩ ቶሎ አይደሰቱ። አጠገቡ ‹10አር› ካለ ምልክቱ የሚናገረው ዕቃው ሬዲዮ እንደማይረብሽ ብቻ ነው፤ ስለ ብርሃኑ አንዲት ቃል አይልም።

መብራቱን ከነቤቱ መቀየር በሐሳብ ደረጃ ትክክለኛው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሌክሰስ ኤልኤስ 600ኤች ኤልኢዲን ለአጭር መብራት ይዞ ሲወጣ ቤቱ ራሱ ለኤልኢዲ ታስቦ የተሠራ ነበር፤ ዛሬ ከፋብሪካ ኤልኢዲ ይዘው የሚወጡ መኪኖች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ለመኪናዎ ሞዴል፣ ስም ካለው አምራች፣ መስታወቱ ላይ የማረጋገጫ ምልክቱ የታተመበት ሙሉ ኤልኢዲ ካለ እሱ ከማንኛውም አምፖል ይበልጣል። ሲገዙ በየትኛው የመንገድ ወገን ለሚነዳበት አገር እንደተሠራ ይዩ፤ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ጠርዙን ከፍ የሚያደርገው በተቃራኒው በኩል ስለሆነ በቀኝ በሚነዳበት አገር ቀጥታ የሰው ዓይን ላይ ይወጣል። ዙሪያውን ክብ ቀለበት እያበራ ለውበት የሚሸጠውን ስም የለሽ ቤት ግን ከጥሩ አምፖል አላስበልጠውም፤ እሱም እንደ ሌላው ግድግዳውን ይጋፈጥ።

ለእርስዎ የማስቀምጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ፕላስቲኩን፣ ቮልቱን፣ አዲስ ሃሎጅን ከትክክለኛ አቅጣጫ ጋር። ከዚህ በኋላም የሚያንስዎ ከሆነና ሕጉ ከፈቀደልዎ፣ ዋቱ ከ25 የማይበልጥ፣ ቀለሙ ከ6,000 የማያልፍ፣ ከለላ ያለው፣ ዘንጉ የሳሳ ኤልኢዲ ይምረጡ፤ ግድግዳው ላይ ካልሠራ እንደሚመልሱት ከሻጩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። ያወጧቸውን ሃሎጅኖች አይጣሉ፤ ኤልኢዲው መንገድ ላይ ቢከዳዎት በአምስት ደቂቃ ይመለሳሉ፤ በጨርቅ ጠቅልለው መኪናው ውስጥ ያኑሯቸው። መስታወታቸውን በባዶ እጅ አይንኩ፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ከመጠን በላይ ግሎ አምፖሉን ሊያስፈነዳው ይችላል። ከነኩትም በአልኮል ይጥረጉት።